ሳይለካ የሚቀየር ሴንሰር

መኪና መንገድ ላይ ጠፍታ ቆመች ሲባል፣ ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ መጀመሪያ የሚሰማው «ሴንሰር ነው» የሚል ፍርድ ነው። የትኛው ሴንሰር እንደሆነ፣ በምን እንደተለካ የሚጠይቅ የለም። ባለመኪናው ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ይደውላል፤ ዕቃው ተገዝቶ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይላካል፤ ይገጠማል፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ተመስገን ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ ጅጋ ሳትደርስ እንደገና ቀጥ ትላለች። ያን ጊዜ ደግሞ «እንግዲያው ሌላኛው ሴንሰር ነው» ይመጣል። በዚህ መንገድ ከስንቱ ኪስ ስንት ብር እንደወጣ ባለቤቱና ፈጣሪ ያውቃሉ። ደከመን።

ይህን የምለው መካኒኮቻችንን ለመናቅ አይደለም። በዚህ አካባቢ በቆሎና በርበሬ ሲጭን የኖረው አይሱዙ፣ ሰው ሲያመላልስ የኖረው ሚኒባስ አብዛኛው ናፍጣ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚነደው በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ሰዎቻችን የፖምፓና የኖዝል ጉድለት በጆሮ አዳምጠው የሚለዩ ናቸው፤ ይህን ችሎታ ማንም ሊነፍጋቸው አይችልም። ቤንዚን የሚበላው አሮጌ ኮሮላም ቢሆን ዲስትሪቢዩተሩ ተከፍቶ፣ ፑንቲናው በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ይነሳ ነበር። ቪትዝና ያሪስ ሲበዙ ግን በሽታው በጆሮ የማይሰማ፣ በዓይንም የማይታይ ሆነ። መሣሪያ ይፈልጋል፤ ከመሣሪያውም በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተር እሳቱን መቼ እንደሚሰጥ የሚያውቀው ከክራንክሻፍቱ አጠገብ ከተገጠመው ሴንሰር ነው። በብዙዎቹ ትንንሽ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚዞር ጥርሳም ሰሃን አለ፤ ለ36 ጥርስ የሚበቃ ቦታ ኖሮት የተሠሩለት ግን 34 ናቸው። የሁለቱ ጥርስ ክፍተት በሴንሰሩ ፊት ባለፈ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፒስተኖቹ የት እንደደረሱ ይረዳል። ሴንሰሩ ራሱ ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ጥርሱ ሲያልፍበት ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያ ሲግናል ሲቀር እሳቱም የቤንዚኑ ርጭትም አብረው ይቀራሉ።

ሁለተኛውን ሲግናል ብዙ ሰው አያውቀውም፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ቦቢናውን እሳት እንዲሰጥ ያዘዋል። ቦቢናው ውስጥ ያለው ኢግናይተር ደግሞ ትእዛዙ መፈጸሙን በሌላ ሽቦ ያሳውቃል። ይህ ማረጋገጫ በተከታታይ ሳይመጣ ከቀረ፣ ያልነደደ ቤንዚን የጭስ ማጣሪያውን እንዳያበላሽ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል። በነዚህ ትንንሽ መኪኖች ላይ አራቱ ቦቢናዎች ማረጋገጫቸውን የሚልኩት ተገናኝተው በአንድ መስመር ነው። እንግዲህ ስካነሩ ፒ1300 የሚል ኮድ ሲያወጣ፣ ከአንደኛው ሲሊንደር የእሳት መስመር የሚጠበቀው ማረጋገጫ አልደረሰም ማለቱ ነው፤ ቦቢናው ሞቷል አላለም። ሽቦው ተበጥሶ፣ ሶኬቱ ውኃ ገብቶበት፣ የቦቢናው ኔጌቲቭ ላልቶም ያው ኮድ ይወጣል። ፒ0335ም እንደዚሁ ወደ ክራንክሻፍት ሴንሰሩ መስመር ይጠቁማል እንጂ ሴንሰሩን አይኮንንም። ስካነር ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ኮዱን ያነባል፣ የዕቃ ስም ይናገራል፣ የምርመራውን ይቀበላል፣ ይሄዳል።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ደጋውን ለቆ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ ቆላው ይቀበላችኋል። በሴንሰሩ ጥምጥም ውስጥ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ሲግል ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይገጥማል። ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ድርግም ይላል፤ ተሳፋሪ ወርዶ ጥላ ይፈልጋል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ መካኒኩ በሞተር ሳይክል ሲደርስ በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች። «ምንም የለባትም!» ይህን ቃል ያልሰማ ሹፌር ዕድለኛ ነው። የለባትም የተባለችው መኪና ሰው ጭና ማታ ላይ ጫካ መሀል ስትቆም ምን ማለት እንደሆነ፣ በተለይ በነዚህ ባለፉት የግጭት ዓመታት፣ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። እንዲህ ያለው በሽታ የሚያዘው ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው፣ እንደጋለ ሲለካ ነው። ካልሆነም ሴንሰሩን ፈትቶ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ በቴስተር ኦሙን ማየት ይቻላል። ሲሞቅ ኦሙ በመጠኑ ከፍ ማለቱ የመዳብ ጠባይ ነው፤ በድንገት መስመሩ ከተቋረጠ ግን ሴንሰሩ ተያዘ፣ ያን ጊዜ ይቀየር። ማንም አይከራከርም።

አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ሽቦው ላይ ነው። ወደ ቋሪትም ሆነ ወደ ወንበርማ ገጠር በሚያስገባው የጠጠር መንገድ መኪና ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል፤ ሶኬት ይላላል፣ ሽቦ ከብረት ጋር ሲፋተግ ልብሱን ይጥላል። ክረምቱ እዚህ ረጅምና ውኃው ብዙ ነው። ላቫጆ ላይ የሚያጥበው ልጅ ደግሞ ሞተሩ ይብራ ብሎ በኃይለኛ ውኃ ሶኬቱን ይወጋዋል። ከበቆሎ ጎተራ አጠገብ መኪና የሚያሳድር ሰው አይጥ ሽቦ እንደምትበላ ያውቃል። የተበጠሰው ሽቦ ሳይበየድ በጣት ይጠመዘዝና ናስትሮ ይጠቀለልበታል፤ ያ ቦታ የሚቀጥለው ዓመት በሽታ ነው። ባጃጅ ያላቸውም ከዚህ አያመልጡም፤ ሲግናል የሚሰጠው ፒክ አፕና እሳቱን የሚያዘው ሲዲአይ የሚገናኙበት ሽቦ ላልቶ ሳለ ሲዲአይ የሚገዙ አሉ።

ለመለካት የሚያስፈልገው ያን ያህል አይደለም። ሶኬቱን ነቅሎ አረንጓዴ ዝገት አለበት ወይ ብሎ ማየት። ቁልፉን ከፍቶ ቦቢናው ላይ 12 ቮልቱ መድረሱን፣ ኔጌቲቩም መጥበቁን ማረጋገጥ። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ ሞተሪኖው ሲዞር ከክራንክሻፍቱ ሴንሰር ቮልት መውጣቱን ማየት። ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለውን ሽቦ እየነቀነቁ መስመሩ መቋረጥ አለመቋረጡን መከተል። ኦሲሎስኮፕ ቢኖር የሲግናሉን መልክ ያሳይ ነበር፤ እሱ ቢቀር እንኳ ቴስተር በየትኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለ፣ ዋጋውም ከአንድ ሴንሰር አይበልጥም።

ታዲያ ለምን አይለካም? እዚህ ላይ እኛ ባለመኪናዎችም አለንበት። መካኒኩ ግማሽ ቀን ሽቦ ሲከታተል ውሎ አንዲት ሶኬት ጠርጎ ቢያስነሳልን «ምን ሠራህና ነው የምንከፍልህ?» እንላለን። ዕቃ ሲቀይር ግን ሳናጉረመርም እንከፍላለን፤ የሚታይ ነገር አለና። ስለዚህ መፈለግ አያበላም፣ መቀየር ያበላል። ወጣቱ መካኒክ ይህን የተማረው ከእኛ ነው፤ ቤተሰብ አለው፣ የቤት ኪራይ አለበት፣ በነፃ ሽቦ እንዲከታተልልን መጠበቅ ግፍ ነው።

ልማር ቢልስ ከየት? ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለብዙ ወራት የሽቦ ንድፍ አውርዶ ማየት የማይቻል ሆነ። የትኛው ፒን ምን እንደሚሸከም ሳያይ የሚሠራ ሰው ከመገመት ሌላ ምን ያደርጋል? በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ለሰልጣኞች የሚፈታው ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ነው።

የዕቃው ጉዳይ ሲጨመርበት ምሬቱ ይበዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ፤ ጥር 2016 ላይ ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንደማይገባ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በእጃችን ያለችውን ያሪስ ገና ለብዙ ዓመት እንነዳታለን፤ ሽቦዋም በየዓመቱ ያረጃል። መለዋወጫው ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ፣ ከሌላ ሱቅም «ኦሪጂናል» የተባለ ይመጣል። ኦሪጂናል ይሁን አይሁን የምናውቀው ተገጥሞ ነው፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። ሁለት ፒን ያለው ሴንሰር ባንኮኒ ላይ በቴስተር ለመለካት ደቂቃ አይፈጅም። ገዢው ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፍኖተ ሰላም እየጠበቀ ሳለ ሻጩ ይህን ደቂቃ ለምን ይነፍገዋል?

ከመኪናችን የወጣውስ የት ይገባል? የተፈታው ሴንሰር ጋራዡ ጥግ ሣጥን ውስጥ ይወረወራል፤ ሞቶ ይሁን በሕይወት የሚያጣራ የለም፤ አንዳንዴም ለሌላ ሰው መኪና ይሸጣል። ከእንግዲህ ሴንሰር ሲቀየርልን አሮጌው ፊታችን ይለካ። ከሞተ መሞቱን እንይ። ደህና ከሆነ ይመለስልን፤ ዋጋውን ከፍለንበታል፣ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ መጠባበቂያ ይሆነናል።