የአጃቢው ስንብት

ለ፦ ስኮርታን አንሥተው ጣሳ ለተኩ የመኪና አምራቾች በሙሉ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የስኮርታን በጡረታ መሰናበትና የተተኪውን የሥራ ብቃት ይመለከታል

ስኮርታ በመኪናው የዕቃ መጫኛ ወለል ሥር፣ በኋላ በር ላይ ወይም በሻንሲ ሆድ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ከአራቱ ጎማዎች አንዱ እስኪጎዳ ድረስ ሥራ የሌለው አምስተኛ ጎማ ነው። ቃሉ ከነክሪኩ፣ ከነቸርኬውና ከነጎሚስታው ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በተወለደበት ቋንቋ ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ መጠባበቂያ፣ ሁለተኛው አጃቢ። ባለሥልጣን ያለ አጃቢ ከተማ ለቅቆ እንደማይወጣ ሁሉ መኪናም ያለ ስኮርታ ኬላ አያልፍም ነበር። ይህ አጃቢ ዛሬ ከአዳዲስ መኪኖች በብዛት ተሰናብቷል። በቦታው የተሾመው ግማሽ ሊትር ገደማ የመድፈኛ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ አንዳንዴ ግፊት ባለው ጣሳ፣ አንዳንዴ በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ከሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ጋር በጠርሙስ ይመጣል። በዚህ ደብዳቤ ሁለቱም ጣሳ ይባላሉ።

የተሰናባቹ የአገልግሎት ዘመን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1904 በዌልስ፣ ላኔሊ ከተማ ነው። ቶማስ ሞሪስ ዴቪስ የተባለ ሰው በባዶ ቸርኬ ላይ የተነፋ ጎማ ገጥሞ፣ ከተበሳው ጎማ ጎን በመቆንጠጫ የሚታሰር መጠባበቂያ ሠራ። ሥራው ይካሄድ የነበረው በስቴፕኒ ጎዳና ስለነበር ዕቃው ስቴፕኒ ተባለ፤ በሕንድ፣ በባንግላዴሽና በማልታ መጠባበቂያ ጎማ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ የጎዳና ስም ነው። ከዚያ በፊት ጎማ ሲበሳ ነጂው መንገድ ዳር ተቀምጦ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ በእጅ ፓምፕ ይነፋል። በዚህ ዓይን ሲታይ የጣሳው ሹመት አዲስ ግኝት ሳይሆን ወደ እ.ኤ.አ. 1903 የሚደረግ የክብር ጉዞ ነው። ልዩነቱ፣ የ1903ቱ ነጂ ጎማ መፍቻ ይዞ ይሄድ ነበር።

ስንብቱ ባንድ ቀን አልተፈጸመም። ሙሉው ስኮርታ አስቀድሞ ወደ ቀጭን ጎማ ዝቅ ተደረገ፤ ይህም በ4.2 ባር የሚነፋ፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄድ ገላው ላይ የተጻፈበት ጎማ ነው። ደረጃው ዝቅ ያለ ሠራተኛ ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር ባወጣው ጥናት፣ የዚያ ዓመት ሞዴል ከሆኑት መኪኖች ከሢሶ የሚበልጡት ስኮርታ አልነበራቸውም። ስቴፕኒን በስሙ ስትጠራ የኖረችው ሕንድም እ.ኤ.አ. በ2020 ደንቧን አሻሽላ፣ እስከ 3.5 ቶን የሚመዝኑ የሰው ማመላለሻ መኪኖች የጎማ ግፊት መቆጣጠሪያና መጠገኛ ካላቸው ያለ ስቴፕኒ እንዲሄዱ ፈቅዳለች። ስሙ አለ፤ ባለስሙ የለም።

ለስንብቱ የቀረበው ምክንያት ክብደት ነው። ስኮርታ ከክሪኩና ከመፍቻው ጋር ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደት ነዳጅ ይበላል፤ ነዳጅ አየር ይበክላል። ክርክሩ ትክክል ነው፤ የሚቀረው መጠኑን ማስላት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በሚሰጠው ግምት ከመኪና 45 ኪሎ ያህል ጭነት ማውረድ የነዳጅ ቆጣቢነቱን 1 በመቶ ገደማ ያሻሽላል። በዚህ ሒሳብ 20 ኪሎ ስኮርታውን የተገላገለ መኪና ከ1,000 ሊትር ነዳጅ አራት ሊትር ተኩል ያህል ያተርፋል። ለበዓል አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ከገጠር የሚመለስ ነጂ አምስት ስኮርታ ጭኗል ማለት ነው፤ በዚህ ኃጢአቱ እስካሁን የወቀሰው የለም።

ስሌቱ ትርጉም የሚያገኘው ከነጂው ወደ አምራቹ ሲዞር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ95 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳያልፉ ወስኖ፣ አምራቹ ለሚያሳልፈው ለእያንዳንዱ ግራም በእያንዳንዱ መኪና 95 ዩሮ ቅጣት ደነገገ። በሚሊዮን ለሚቆጠር መኪና የግራም ሽራፊም ገንዘብ ነው። ከዚህ ሌላ አምራቹ ከያንዳንዱ መኪና ላይ አንድ ጎማ፣ አንድ ቸርኬ፣ አንድ ክሪክና አንድ መፍቻ ያተርፋል። ነጂው አራት ሊትር ተኩሉን ያገኛል። ስኮርታ የተቀመጠበት ጉድጓድም ለባትሪና ለሌላ ዕቃ ይለቀቃል። ክብደቱ ከ400 ኪሎ የሚያልፍ ባትሪ የተሸከመ ኤሌክትሪክ መኪና 18 ኪሎ ጎማ ከበደኝ ማለቱ በትሕትና ይመዘገብለታል።

የተተኪው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ፈሳሹ በአብዛኛው ላቴክስ፣ ማለትም የጎማ ዛፍ ወተት ነው፤ እንዲይዝ ሙጫ፣ ቅዝቃዜ እንዳያረጋው ግላይኮል ይጨመርበታል። ባጭሩ ማስቲሽ የተቀላቀለበት ወተት ነው። ጎማውን የበሳው ሚስማር ሳይነቀል ፈሳሹ በቫልቩ በኩል ይገባል፤ ኮምፕሬሰሩ ይነፋል፤ መኪናው ወዲያው መሄድ አለበት። ጎማው ሲሽከረከር ፈሳሹ በውስጠኛው ገጽ ላይ ይዳረሳል፤ በቀዳዳው የሚያመልጠው አየር ላቴክሱን ወደዚያው ይጎትተዋል፤ ላቴክሱም እዚያ ተጠራቅሞ ይረጋና ይደፍናል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቆሞ ግፊቱን መለካት ግድ ነው። ነገሩ ብልኅ ነው፤ በጨለማና በዝናብ፣ ከባድ መኪና በክንድ ርቀት እያለፈ፣ ጉልበቱ የደከመ ሰው ብሎን ከሚፈታ ይህን ቢያደርግ ይሻለዋል። በጎማው መንገድ የሚረግጥ ገጽ ላይ ለገባ ቀጭን ሚስማር ጣሳው ሥራውን ያውቃል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ግንባታ ባለበት ሰፈር፣ ደህና ረዳት ይወጣዋል።

ችግሩ ረዳት ሆኖ አለመቀጠሩ ነው። የሥራ መደቡ መግለጫ፣ ማለትም ማንም የማያነበው የመመሪያው መጽሐፍ፣ የሹመኛውን ሥልጣን በዝርዝር ይገድባል። ቀዳዳው እንደ አምራቹ ከ4 ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከግንባታ የወደቀ ፌሮ ይህን ደንብ አላነበበም። ጉዳቱ መንገድ በሚረግጠው ገጽ ላይ መሆን አለበት፤ በጎማው ጎን ላይ ከሆነ ጣሳው አይመለከተውም። ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ከሆነ አይመለከተውም። ነፍሱ ወጥታ ጥቂት ከተነዳም አይመለከተውም፤ ጎኑ ተበልቷልና። በአንዳንድ መመሪያ መሠረት ከአሥር ደቂቃ ጉዞ በኋላ ግፊቱ ከ1.3 ባር በታች ከሆነ ጉዞው ያበቃል። የተሳካለት ነጂም ቢሆን ከ80 በላይ እንዳይነዳ ከጣሳው ጋር የመጣችውን ትንሽ ወረቀት ዓይኑ ሥር ለጥፎ ጎማ ቤት ፍለጋ ይሄዳል። በቀረው ሁኔታ ሁሉ መመሪያው ወደ ቅርብ የአገልግሎት ማዕከል መደወልን ያዛል። ቅርብ የሚለው ቃል አልተተረጎመም።

ይህ ቃል ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሰመራ አካባቢ ሲነበብ ሌላ ድምፅ አለው። ወደ ኤርታሌ የሚወስደው መንገድ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ያልፋል፤ ድንጋዩ ሲሰበር ጠርዙ ቢላ ነው፤ ቢላ ደግሞ እንደ ሚስማር አይወጋም፣ የጎማውን ጎን ይሰነጥቃል። እንግዶች ይዘው ወደ ዳናኪል የሚወርዱ ላንድክሩዘሮች በፖርቶመጋላቸው ላይ ሁለት ስኮርታ መጫናቸው የተለመደው ለጌጥ አይደለም። በደጋውም ቢሆን ብዙ ጎማ የሚሞተው ውኃ በሞላው ጉድጓድ ጠርዝና በተሰበረ የአስፋልት ከንፈር ሲመታ ነው። ጣሳው እንዲህ ላለው ቁስል የሚያቀርበው ነገር ቢኖር ሐዘኑን ነው። ግማሽ ሊትሩ በስንጥቁ በኩል ወጥቶ አስፋልቱን ያጠባል።

ከሁሉ የሚከፋው ስኮርታ ሲሰናበት ቤተሰቡም አብሮ መባረሩ ነው። ጣሳ ባላቸው ብዙ መኪኖች ውስጥ ክሪክም የጎማ መፍቻም የለም። የኢትዮጵያ መንገድ ለተበሳ ጎማ ያረጀ መፍትሔ ነበረው፤ ጎማው ይፈታል፣ በባጃጅ ወይም በሚያልፍ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጫናል፣ የሚቀጥለው ከተማ መግቢያ ላይ አሮጌ ጎማ እንደ ታፔላ ከሰቀለው ጎሚስታ ዘንድ ይወርዳል፣ ተለጥፎ ይመለሳል። ክሪክ የሌለው ነጂ ግን ጎማውን ፈትቶ መላክ እንኳ አይችልም። ሙሉው መኪና ወደ ጎሚስታው መሄድ አለበት፤ ካልሆነም ጎሚስታው ከነዕቃው ወደ መኪናው መምጣት አለበት፤ ካልሆነም ክሪክ ያለው መንገደኛ እስኪያዝን መጠበቅ ነው። አዲሱ መኪና ከኋላው በመጣ አሮጌ መኪና ክሪክ ሲነሣ ማየት ለኢንዱስትሪው የመቶ ዓመት እድገት ግሩም ማሳያ ነው።

ጣሳው ከስኮርታ በሌላም ይለያል፤ ዕድሜው አጭር ነው። እንደ ዓይነቱ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ በኋላ ፈሳሹ ይረጋል። ያገለገለ መኪና በሚገዛበት አገር ይህ ማለት አብዛኛው ጣሳ ሹመቱ ካበቃ በኋላ ወንበሩን ያልለቀቀ ባለሥልጣን ነው ማለት ነው። ስኮርታም ያረጃል፣ ነፋሱም ይቀንሳል፤ ግን ይታያል፣ በእግር ይመታል፣ ይነፋል። የጣሳው ዕድሜ የሚታወቀው በደቂቅ ፊደል የታተመበትን ቀን ላነበበ ብቻ ነው። ግፊት ባላቸው ጣሳዎች ላይ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት እንዳያገኛቸው ተጽፏል። አዋሽ አርባ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ ውስጥ የቆመ መኪና ይህን ቁጥር ያለ ብዙ ጥረት ያልፋል፤ ጣሳው የሚቀመጠውም እዚያው ውስጥ ነው።

ጎሚስታው ስለ ሹመቱ አልተጠየቀም። ቢጠየቅ፣ ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ ልብሱ ላይ የሚገለበጥበትን ነጭ አተላ ያነሣ ነበር። ጎማውን ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ውስጡን አጥቦ ማድረቅ አለበት፤ መለጠፊያ እርጥብ ላቴክስ ላይ አይዝም። የግፊት መለኪያዋ ሴንሰር በፈሳሹ ከተደፈነች ጉዳዩ ከእርሱም አቅም ውጭ ይሆናል። አንዳንድ ጣሳዎች ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚይዙ ነጂው ጣሳ መጠቀሙን ለባለሙያው እንዲናገር መለያቸው ያስጠነቅቃል፤ ቸርኬ ጎማው ሳይወልቅ በሚበየድበት ቤት ይህች ማስጠንቀቂያ ቀላል አይደለችም። አስፈላጊው ጥገና ይቅርና ጣሳውን መተካት ብቻውን አንድ ቀዳዳ ከማስለጠፍ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። አንድ ጊዜ የሠራ ጣሳ ተመልሶ አይሠራም፤ የተለጠፈ ስኮርታ ግን ነገም ስኮርታ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አስቸኳይ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ የገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ ከእነዚህም በርካቶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ስኮርታ የላቸውም። ለቻይና ገበያ በተሠሩት ላይ የጣሳው መመሪያ በቻይንኛ ነው፤ ስለዚህ ከላይ የተዘረዘሩት ገደቦች በሙሉ ለነጂው ምስጢር ሆነው ይቆያሉ። ስኮርታ ለብቻው ገዝቶ መጫን ይቻላል፤ ማስቀመጫው ጉድጓድ ግን ስለተደፈነ አጃቢው ከሻንጣና ከሽንኩርት ጋር ይንከባለላል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ጣሳውንም አንሥተው ለብቻው መሸጥ ጀምረዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው ለስኮርታ ነበር፤ ጣሳው እንኳ ሳይበላ ሊሻር ነው።

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች፣ ጣሳው በረዳትነት ደረጃ እንዲቀጥል፣ ስኮርታም ቢያንስ ተጨማሪ ዋጋ ለሚከፍል ገዢ ማስቀመጫ ቦታው ተጠብቆለት እንዲመለስ ይጠየቃል። ይህ የማይቻል ቢሆን ክሪክና መፍቻ ብቻቸውን ይመለሱ፤ የሁለቱ ክብደት ከአንድ ሻንጣ አይበልጥም። ይህም የማይቻል ቢሆን ሹመቱን ያጸደቁት ኃላፊዎች ከሚሌ እስከ ኤርታሌ አንድ ጊዜ በራሳቸው ምርት፣ በራሳቸው ጣሳ፣ ያለ አጃቢ እንዲጓዙ የጉብኝት ፕሮግራም ቢዘጋጅ ተገቢ ነው። የመሄጃው ወጪ በጋባዥ ይሸፈናል።

ከሰላምታ ጋር
ሦስት ማዕዘን ዘርግተው በመንገድ ዳር ከሚጠብቁ

ግልባጭ፦
ለጎሚስታ
ለጎታች መኪና
ክሪክ ለሚያበድር መንገደኛ
ለስኮርታ (አድራሻው ስላልታወቀ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ)