ጦርነት ላሸነፉ፣ ውል ለሚያረቁ

ውድ አንባቢ፣ ታላቅ ጦርነት አሸንፈው የሰላም ውል የማርቀቅ ዕጣ ቢወጣልዎ አይጨነቁ። የቀደሙት ጌቶች መንገዱን ጠርገው ሄደዋል፤ እርስዎ ዱካቸውን መከተል ብቻ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

በቅድሚያ አዳራሽ ይምረጡ። ተሸናፊው በደጉ ዘመን የፎከረበት ቢሆን ደስ ይላል። ጀርመኖች በ1871 ፈረንሳይን አንበርክከው ንጉሣቸውን ቄሣር ያሰኙት በቬርሳይ የመስታወት አዳራሽ ነበር፤ የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌማንሶም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 እዚያው አዳራሽ አምጥቶ የሰላሙን ውል አስፈረማቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚል ሽማግሌ ቢመጣብዎ በትሕትና ያሰናብቱት። እርግጥ ሂትለር በ1940 የ1918ቱ ተኩስ አቁም የተፈረመበትን የባቡር ፉርጎ ከሙዚየም አስጎትቶ ፈረንሳዮችን እዚያው አስፈርሟል፤ ይህ ግን የሚቀጥለው አርቃቂ ራስ ምታት ነው።

ተሸናፊውን ለድርድር አይጥሩ። ረቂቁን ያስረክቡትና አስተያየቱን በጽሑፍ ያምጣ። ጥፋተኛነቱን እንደ ቬርሳዩ ውል በአንቀጽ 231 ያሳምኑት፤ ዕዳም ያስፈርሙት፣ መጠኑን ግን አይጻፉ! ቬርሳይ ላይ ባዶ የተተወው ቁጥር በ1921 ሲሞላ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ሆኖ ተገኘ። ኬንስ የተባለው እንግሊዛዊ ይህ አያዛልቅም ብሎ ሥራውን ትቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ የኢኮኖሚ ባለሙያ መቼም ማጉረምረም አያጣም። ጀርመን ለዚሁ ጣጣ ከተበደረችው ብድር የመጨረሻውን ወለድ የከፈለችው በ2010 ነው። ከፈራሚዎቹ አንድም ሰው በሕይወት አልነበረም።

ከዚያ ለጌጥ ያህል የዓለም መንግሥታት ማኅበርን ከውሉ መጀመሪያ ላይ ያስገቡ። ኢትዮጵያ አምናበት በ1923 ገባች፤ በ1935 ጣልያን ሲወርራት ማኅበሩ ምን ያህል እንደጠቀማት ለእርስዎ አልነግርም።

አሁን ወደምወደው ምዕራፍ ልውሰድዎ፤ ጥቃቅን አንቀጾች። እነዚህን ሲጽፉ ቀነ ገደብ አይርሱ፣ ውሉን ግርማ ይሰጠዋል። የቬርሳይ አንቀጽ 246 ጀርመን በዛሬዋ ታንዛንያ የወጓትን የሄሄ ሕዝቦች መሪ የምክዋዋን የራስ ቅል በስድስት ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዝዛል። የራስ ቅሉ ወደ ሄሄ ምድር የተመለሰው በ1954 ነው። ያውም የእርሱ መሆኑ ዛሬም ያከራክራል።

ይህ ትምህርት አልባከነም። በ1947 በፓሪስ ከጣልያን ጋር የተፈረመው የሰላም ውል ለዩጎዝላቪያ 125 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ሲቆርጥ፣ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ለዘነበባት ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ቆረጠ። በአንቀጽ 37ም ጣልያን ከጥቅምት 1935 ወዲህ የዘረፈችውን ቅርስ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አዘዘ። በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ግን ከሮም አደባባይ ንቅንቅ አላለም። አንዴ ክብደቱ፣ አንዴ ደካማነቱ፣ አንዴ የመንገዱ ነገር ሲነሣ መንግሥታት ተለዋወጡ፤ በ2002 መብረቅ መታው። በመጨረሻ ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም የገባው በ2005፣ ዳግም የቆመው በ2008 ነው።

ስለዚህ አደራዎን፣ «በ18 ወር ውስጥ» ብለው ሲጽፉ ከሥሩ የተረካቢ ስም መጻፊያ መስመር ይተዉ። የራስዎን ስም አይጻፉበት፤ የልጅ ልጅዎን ይጻፉ።