ኮረጆው ይፈታ!

«በጀት የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ለተራ ሰው አይገባም» የሚል አለ። ቃሉ ራሱ ይመስክርበት! በጀት ሲወለድ የቆዳ ኮረጆ ነበር። በዛሬዋ ፈረንሳይ ምድር ይኖሩ የነበሩት ጎሎች «ቡልጋ» ይሉት ነበር። ሮማውያን ከእነሱ ወሰዱት፤ ፈረንሳዮች «ቡዥ» አሉት፣ ትንሿን ደግሞ «ቡዤት»። እንግሊዞች ተቀብለው በአፋቸው አላመጡትና «በጀት» አደረጉት። ኮረጆ አንጠልጥሎ ገበያ የሚወጣ ሁሉ በጀት ነበረው ማለት ነው፤ ለዚያ ምን ዲግሪ ያስፈልጋል?

«ታዲያ ኮረጆ እንዴት የመንግሥት ሂሳብ ሆነ?»

በተረብ ነዋ! በ1733 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን መንግሥት የሚመራው፣ ግምጃ ቤቱንም የያዘው ሮበርት ዋልፖል በወይን ጠጅና በትንባሆ ላይ አዲስ የኤክሳይዝ ሥርዓት ሊዘረጋ ተነሣ። ተቃዋሚዎቹ «ኮረጆው ተፈታ» የሚል ርእስ ያለው በራሪ ጽሑፍ አሳተሙበት። እዚያ ላይ ዋልፖል ገበያ መሀል ኮረጆውን ፈትቶ የውሸት መድኃኒት የሚቸረችር አጭበርባሪ ሐኪም ሆኖ ተሣለ። ሕዝቡም በቁጣ ገነፈለ። ዋልፖል በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሐሳቡን አጥፎ ተቀመጠ።

«ስድብ ነው እንጂ ይሄ ምን ተረብ ነው!»

ስድብ ቢሆን ከዋልፖል ጋር በተቀበረ። ይሄኛው ግን ተሰዳቢውን አልፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የግምጃ ቤቱ ሹማምንት ራሳቸው ዓመታዊ ሂሳባቸውን ለምክር ቤት ሲያቀርቡ «በጀቱን ከፈትን» ይሉ ጀመር። ፈረንሳይም ቡዤትን አበድራ በጀትን መልሳ ተቀበለች። ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ! ኋላ የእንግሊዙ ገንዘብ ሚኒስትር ግላድስተን ቀይ ቆዳ የለበሰ የእንጨት ሳጥን ይዞ ብቅ አለ፤ ያ ሳጥን እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ በበጀት ቀን ከገንዘብ ሚኒስትሮች እጅ እምብዛም አልጠፋም። ቆዳው ቀለም ቀየረ እንጂ ኮረጆነቱ የት ሄደ?

«የእንግሊዝ ታሪክ ለእኛ ምናችን ነው?»

ቃሉን ወስደን የለም እንዴ! የእኛም በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል፣ በነጋሪት ጋዜጣ ይታወጃል።

«ይኸው! ታውጇል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

የሠፈሬን ልክ እፈልጋለሁ። ለጤና ጣቢያው መድኃኒት ስንት ተመደበ? ለትምህርት ቤቱ ዴስክስ? በቢሊዮን የተጻፈ አዋጅ ለእናቴ የውሃ ቦኖዋ መቼ እንደሚጠገን አይነግራትም። በወረዳው በር ላይ፣ በደማቅ ፊደል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በአካባቢው ቋንቋ ሁሉ ይለጠፍ! አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ ወረዳዎች በጀታቸውን ሕዝብ በሚገባው መልክ ሰሌዳ ላይ የለጠፉበት ጊዜ አለ። ያኔ የተቻለ ዛሬ ምን ያግደዋል?

«ሕዝቡ አንብቦ ምን ሊያደርግ ነው?»

ይጠይቃላ! «ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን» ተብሎ በሰኔ ጥድፊያ የሚገዛው ወንበር መስከረም ላይ ለምን እንዳልተገዛ ይጠይቃል። የተመደበው ስንት፣ የወጣው ስንት፣ የቀረውስ የት ነው ይላል። መልሱም ከዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍለት።