የእንጦጦ ሰዎች በታጁራ ባሕረ ሰላጤ

ለእንጦጦ ራጉኤል ሰው ከሞቃት ባሕሮች ሁሉ ቅርቡ የጂቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በአፍ በተያዘ ቱቦ እየተነፈሱ ዓሣና ኮራል ለመመልከት፣ ማለትም ለስኖርክል፣ የተመቹ ሦስት ቦታዎች አሉት፤ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች፣ ከታጁራ ከተማ ወዲያ ያለው የነጭ አሸዋ ዳርቻ እና የአርታ ዳርቻ። ሦስቱንም በአንድ የእንጨት ጀልባ ማዳረስ ይቻላል። ከራጉኤል አጥቢያ የተነሳ አንድ ቡድን በታኅሣሥ ያደረገው ጉዞ ቦታዎቹን በተራ ለመግለጽ ይመቻል፤ ከተጓዦቹ መካከል ዋና የሚችል ስላልነበረ ቦታዎቹ በሚገባ ተፈትነዋል።

ጉዞው በአመዛኙ ቁልቁል ነው። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ከለቡ የሚነሳው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የዚያን ከፍታ አብዛኛውን እስከ ባሕሩ ደጃፍ ያወርደዋል። ቡድኑ ታኅሣሥ 1 ራጉኤልን ተሳልሞ፣ ለብርዱ እንደሚገባ ለብሶ ነው የወጣው። ጋቢው አዳማ ላይ ወለቀ፤ ሹራቡ አዋሽ ላይ ተከተለ፤ ድሬዳዋ ሲደረስ ከነውር ውጪ የሚወልቅ ነገር አልቀረም።

የስኖርክል ዕቃው ሦስት ነው፤ አፍንጫን ጭምር የሚሸፍን መነጽር፣ በአፍ የሚነከስ ቱቦ እና እግር ላይ የሚጠለቅ የጎማ ክንፍ። መነጽሩ በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ ውስጡን በምራቅ ማሸት የቆየ መላ ነው። ይህ ለእንጦጦ ሰው አዲስ አልሆነም። የቡድኑ ታላቅ የሆኑት እናት የልጅ ልጃቸውን መነጽር ተቀብለው «እንትፍ እንትፍ! በሰላም ግባ፣ በሰላም ውጣ» ሲሉ መረቁለት፤ በዕለቱ ጭጋግ ያልያዘው መነጽር ያ ብቻ ነበር። ራሳቸው ግን «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ብለው ከጀልባው ንቅንቅ አልል አሉ። አማርኛን ድሬዳዋ የለመደው ባለ ጀልባ «እማማ፣ የኛ ውሃ ጨው ነው፤ ልውሰድዎት ቢል እንኳ መልሶ ይተፋዎታል» አላቸው። አነጋገሩ ለቀልድ ቢሆንም ነገሩ እውነት ነው፤ ጨዋማ ውሃ ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ሰውን ያነሳል። ላይፍ ጃኬት ሲጨመርበት ዋና የማይችልም ሰው በደረቱ ተኝቶ ባሕሩን ማየት ይችላል።

የመጀመሪያው ቦታ ሙሻና ጎረቤቱ ማስካሊ ናቸው። ከጂቡቲ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። በ1840 እ.ኤ.አ. የታጁራ ሱልጣን ሙሻን ለእንግሊዞች የለቀቀው በ10 ጆንያ ሩዝ ነው፤ ኋላ ለፈረንሳይ ተላለፈ። ዛሬ በዚያ ዋጋ መደገስ እንጂ ደሴት መግዛት አይታሰብም። ኮራሉ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ስለሆነ ለጀማሪ ይስማማል። በቀቀን ዓሣ የሚባለው ባለ ቀለም ዓሣ በመንቁር መሰል አፉ ኮራሉን ሲፍቅ፣ ጆሮ ውሃ ውስጥ ካለ ቆርቆር የሚል ድምፅ ይሰማል። የዋጠውን ድንጋይ አድቅቆ በወዲያኛው በኩል አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፤ የኮራል ዳርቻዎች ነጭ አሸዋ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ነጠላቸውን አንጥፈው አሸዋው ላይ የተጋደሙት ተጓዦች ይህን የሰሙት ከተነሱ በኋላ ነው። ምሳ የተጠበሰ ዓሣ ሆኖ ቀረበ። ወሩ የገና ጾም ስለሆነ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ተነሳ፤ ክርክሩ ሳያልቅ ዓሣው አለቀ።

ሁለተኛው ቦታ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከታጁራ ከተማ አለፍ ብሎ የሚገኘው ነጭ አሸዋ ነው። ኮራሉ ከዳርቻው ብዙ ስለማይርቅ ያለ ጀልባም ይደረስበታል። ታጁራ ለእንጦጦ እንግዳ አይደለችም። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ እዚህ ወራት ሲጉላላ ከቆየ በኋላ በ1886 እ.ኤ.አ. በጥቅምት ተነሳ፤ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ቢደርስ ንጉሡ የሉም፤ በመጨረሻ እንጦጦ ላይ አገኛቸው። የሟች ሸሪኩ ዕዳ ተቆጥሮበት ካሰበው እጅግ ያነሰ ገንዘብ ይዞ ተመለሰ። ወራት የፈጀበትን መንገድ የዛሬ ተጓዥ ባቡር ላይ እያንቀላፋ ይጨርሰዋል።

ሦስተኛው አርታ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ከዓሣ ዘር ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ እዚህ ይመጣል። ሲያድግ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ እዚህ የሚታዩት በአብዛኛው ያልጎረመሱ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆኑ ናቸው። ጥርሶቹ በሺህ ቢቆጠሩም ከሩዝ ፍሬ አይበልጡም፤ ለመንከስም አያገለግሉም። ባለ ጀልባው «ሻርክ ነው፣ ግቡ!» ብሎ ሲጮህ ግን ተጓዦቹ የሰሙት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። በመጨረሻ የልጅ ልጁ ገባ፤ ሌሎቹም እፍረት ገፋቸው። ሻርኩ አፉን ከፍቶ፣ ውሃውን እያጣራ፣ ማንንም ሳያይ አለፈ። ከተጓዦቹ አንዱ በድንጋጤ ውሃ ጠጥቶ ጾም ገደፍኩ ብሎ ተጨነቀ፤ ጊዜው ገና ረፋድ ነበር። ከመካከላቸው የነበረ ዲያቆን «ጠጥተህ ሳይሆን ተግተህ ነው» በሚል አሰናበተው። ሻርኩስ ይጾማል ወይ የሚለው ጥያቄም መልስ አገኘ፤ የሚያጣራው ፕላንክተን ውስጥ ጥቃቅን እንስሳት ስላሉ አይጾምም።

እያንዳንዱ ዌል ሻርክ ጀርባው ላይ ያለው ነጫጭ ነጥብ የራሱ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች በፎቶ የሚለዩት ለከዋክብት ምስሎች ማመሳከሪያ በተሠራ የኮምፒውተር ስሌት ነው። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ስላሉ፣ ራጉኤል ሰፈር ነጥብ ቆጣሪ አይጠፋም። ሻርኩን መንካትም ሆነ መንገዱን መዝጋት አይገባም።

በባብ ኤል መንደብ ያሉት ሰባቱ ወንድማማች ደሴቶች በውበት ቢመሰገኑም የውሃው ፍሰት ብርቱ ስለሆነ ልምድ ላለው ጠላቂ ብቻ ይተዋሉ። አየር በጀርባ ተሸክሞ የሚጠልቅ ሰው ሌላም ጥንቃቄ አለበት። ከጠለቀ በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሳያርፍ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል፤ ደሙ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ከፍታ ላይ አረፋ ሠርቶ ሊጎዳው ይችላልና። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እኩል እንዲሆን ይደረጋል፤ እንጦጦ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የእንጦጦ ጠላቂ በባቡርም ሆነ በመኪና ቢመለስ ያንኑ ዕረፍት ሳያደርግ ቤቱ መግባት የለበትም። በቱቦ ከላይ የሚተነፍስ ግን ይህ ሁሉ አይነካውም፤ ባሕሩን በጠዋት አይቶ፣ መጓጓዣ ካገኘ ማታውኑ ራጉኤል ደጅ ቢገባ የሚከለክለው የለም።