ጥሎ ማለፍ ቀረና ጥሎ መቅረት

እናንተ የዕድሜ ጓዶቼ፣ ጉልበታችሁ ዝናቡን ከደመናው ቀድሞ የሚነግራችሁ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰክታችሁ ቤተሰቡን ሁሉ ፍለጋ የምታሰማሩ፣ ኑ ቁጭ በሉና ፍረዱኝ። ጥሎ ማለፍ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ፣ ካምቦሎጆ ስታዲየም የተማርኩት እንዲህ ነበር፦ የገጠመህን ትጥላለህ፣ ታልፋለህ። የጣለ ያልፋል፣ የወደቀ ቤቱ ይገባል። አለቀ። የጣለም የወደቀም እኩል ቤቱ የሚገባበት ጥሎ መቅረት የሚባል ነገር ያየሁት በስተርጅና፣ እዚህ ሆላንድ፣ ዩትሬክት ከተማ ላይ ነው።

የዛሬ ልጆች ይህን ስታወራቸው «አባባ፣ ያ እኮ ያለፈ ነገር ነው» ይሉሃል። አለፈ? ማን አለፈ? እኔ እኮ የምለው አላለፍንም ነው!

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። በ2012 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን ነው፤ ሁዳዴ ከገባ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ። እኔ ሽሮዬን በልቼ፣ የዩትሬክትን ቀይና ነጭ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠምጥሜ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጫለሁ። የኔዘርላንድ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነው፣ የመጣብን ደግሞ አያክስ፤ ያውም የዓመት በፊቱ የዋንጫ ባለቤት። ሜዳችን ጋልገንዋርድ ይባላል። ስሙን ብትፈቱት የመስቀያ መስክ እንደ ማለት ነው፤ ድሮ ወንጀለኛ የሚሰቀልበት ቦታ ነበር አሉ። እኔ ስሙን ሰምቼ ከመጀመሪያውም ደስ አላለኝም። የዚያን ቀን ግን የተሰቀለው አያክስ ነው። ሁለት ለዜሮ! ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሮጣ መጥታ «ደም ግፊትህ!» ብትለኝ፣ «ግፊቱ የአያክስ ነው» አልኳት። በማግስቱ ደግሞ ሮተርዳም ላይ ፌይኖርድ ናክ ብሬዳን ሦስት ለዜሮ ሸኘ። ይኼ ብሬዳ ከታችኛው ዲቪዚዮን መጥቶ ፒኤስቪንና አልክማርን የጣለ ጉደኛ ነው፤ ጥሎ ማለፍ ውበቱ እዚህ ላይ ነው፣ ትንሹ ሰው የትልቁን ሰው ጥርስ ያወልቃል።

እንግዲህ ፍጻሜው ዩትሬክትና ፌይኖርድ ሆነ። ቦታው ሮተርዳም፣ ደ ኩይፕ ስታዲየም። ደ ኩይፕ ማለት ገንዳ ማለት ነው፤ ስሙ ካልቀረ የኛም ካምቦሎጆ ይሻላል። ቀኑስ? እዚህ ላይ ነው ልቤ የተሰበረው። ቀኑ ሚያዝያ 11። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ምን ነበር? ፋሲካ! የኛው ትንሣኤ! ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ፣ ጠዋት ገድፌ፣ ማታ በዶሮ ወጥ ፊት የዋንጫ ፍጻሜ ላይ ልሰየም። ፌዴሬሽኑ የኛን ባሕረ ሐሳብ አይቶ ቀኑን የቆረጠው ነው የመሰለኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም። ካየሁም ከ1954 በኋላ አላየሁም።

1954 ካልኩ አይቀር ልንገራችሁ። ጥር 13 ቀን የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ካምቦሎጆ፣ ግብፅ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ እየተባለች መጥታለች። ሁለት ጊዜ መሩን፣ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፣ በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አስገቡና አራት ለሁለት አለቀ። ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ። ይኸው ነው! ቱኒዚያን አራት ለሁለት፣ ግብፅን አራት ለሁለት፣ በሁለት ጨዋታ ዋንጫ ወሰድን፤ ጠቅላላ የተሳተፈው አራት አገር ነው። የዛሬው ግን ማጣሪያው፣ የማጣሪያው ማጣሪያ፣ ምድቡ፣ የምድቡ መልስ፣ ሰው ሳይሸብት ዋንጫ አያይም። ደግሞ ለእነዚያ ልጆች የዩትሬክቱ ዋንጫ ተቋረጠብን ስላቸው «አባባ፣ የናንተውም እኮ አጭር ነበር» ይሉኛል። አጭር መሆንና መቋረጥ አንድ ነው እንዴ? ቁመተ አጭር ሰው ተቆርጦ ነው?

ድሮ ኳስ ኳስ ነበረች። ቆዳ ናት፤ ዝናብ ሲመታት እንደ ወፍጮ መጅ ትከብዳለች፣ በቴስታ የገጫት ሰው የእናቱ ስም እስኪጠፋው ይዞርበታል፤ ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! ዳኛ ደግሞ ዳኛ ነበር። ያየውን በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል፣ ያላየውንም በዓይኑ ይፈርዳል። አሁን ቫር ነው ምን ነው ብለው ጎል ከገባ በኋላ ሳጥን ውስጥ ገብተው የተጫዋቹን ጥፍር በመስመር ይለካሉ። እኛ ዳኛን እናከብር ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ የመስመር ዳኛውን በብርቱካን ልጣጭ መትቻለሁ። ልጣጩን ነው፤ ብርቱካኑን አልወረወርኩም። ሥርዓት ነበረን።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ኮሮና የሚሉት በሽታ መጣ። የካቲት 30 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማርክ ሩተ በቴሌቪዥን ቀርበው ከዛሬ ጀምሮ እጅ መጨባበጥ ቀርቷል ብለው ለአገሩ ሁሉ ካወጁ በኋላ፣ ዞር ብለው አጠገባቸው የቆሙትን የጤና ሹም እጅ ጨበጡ! ከዚያ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ገና ሳቅ አልተከለከለም። መጋቢት 3 ቀን ከመቶ ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ተባለ፣ ኳሱም ቆመ። ሰላምታው በክርን ሆነ። ክርን በኛ ጊዜ ጥፋት ነበር፤ ዳኛው አይቶህ እንደሆነ ያስወጣሃል። ከዚያ አገሩን ዘጉና «ብልህ አዘጋግ» የሚል ስም አወጡለት። መዝጊያ ብልህ ሆኖ ያየሁት ያኔ ነው።

በኛ ዘመን ወረርሽኝ የሚባል ነገር አልነበረም። ጉንፋን እንኳ የሚይዘን አክብሮን ነበር። አያቴ ነፍሷን ይማረውና ስለ ኅዳር በሽታ ትነግረኝ ነበር፤ በ1911 አዲስ አበባ ላይ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው እንዴት እንዳለቀ። ያ ግን ሌላ ነው፣ ያ የድሮ በሽታ ነው፣ ወግ ያለው። መድኃኒቱም ይታወቃል፦ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገህ ማጠን ነው። እኔም ይኼ የዛሬው ሲመጣ፣ መጋቢትም ቢሆን ብዬ፣ ቤቴን በከርቤና በእጣን አጠንኩት። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለችው የእሳት ማስጠንቀቂያ ስትጮህ ፎቁ ሙሉ ሰው በፒጃማ ወረደ። ከመቶ በላይ አይሰብሰብ የተባለ ሕዝብ እኔ በእጣን ሰበሰብኩት።

እንግዲህ ሚያዝያ 13 መንግሥት ትልልቅ ዝግጅት እስከ ፈረንጆቹ መስከረም የለም አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ሲባል ጉዱ ከመስከረም በፊት ይመጣል ማለት እንጂ መስከረምን ያስጠብቃል ማለት አልነበረም። በሦስተኛው ቀን የእግር ኳስ ማኅበሩ ደብተሩን ዘጋ። ሻምፒዮን የለም! አያክስና አልክማር እኩል 56 ነጥብ ይዘው ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ወራጅ የለም፣ ካምቡር ከታች መርቶ መርቶ ሲያበቃ ወደ ላይ የሚወጣም የለም ተባለ። የዋንጫው ፍጻሜም አይደረግም፣ ዋንጫውም ለማንም አይሰጥም። በፈረንጅ ከ1899 ጀምሮ ሲንከባለል የመጣ ዋንጫ፣ የቁማር ድርጅት ስም ለጥፈውበት እንኳ ችሎ የኖረ ዋንጫ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ግፉ ገና ነው። ለአውሮፓ ውድድር አምስተኛው ቦታ ለማን ደረሰ? ለዳግማዊ ቪለም! አዎ፣ በንጉሥ ስም የሚጠራ ቡድን ነው፤ የቲልበርግ ሰዎች ናቸው። በሦስት ነጥብ ይበልጡናል፣ እኛ ግን አንድ ቀሪ ጨዋታ አለን፣ በጎል ልዩነትም እንበልጣቸዋለን። ያ ጨዋታ የቀረብን ደግሞ በነፋስ ነው። በፈረንጆቹ የካቲት ማዕበል ተነሥቶ የእሑዱ ጨዋታ ሁሉ ተሰረዘ። አንዱን ነፋስ ወሰደብን፣ ሌላውን በሽታ። ክለባችን ለግልግል ዳኞች አቤት ቢልም ሰሚ አላገኘም።

ጎረቤቴ ሆላንዳዊ ሽማግሌ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ያማርራል፣ ስለዚህ እንግባባለን። «ጦርነቱ እንኳ ዋንጫውን አላስቆመውም» አልኩት። በፈረንጅ 1944 ጀርመን አገሩን ይዞት ሳለ ዋንጫው ተካሂዷል፣ የወሰደውም ማን መሰላችሁ? ይኸው ዳግማዊ ቪለም! ሽማግሌው ጭንቅላቱን ነቀነቀና «በ1945 ግን አልተደረገም» አለኝ። ያ ሌላ ነው አልኩት። ሽማግሌ ሲያረጅ ነገር ያበላሻል።

ስለ ሽማግሌ ካነሣን፣ የፌይኖርድ አሰልጣኝ ዲክ አድቮካት ያን ጊዜ 72 ዓመቱ ነበር። ባላንጣ ቢሆንም ኮራሁበት። ለኛ ለአዛውንት «ከቤት አትውጡ» እስኪባል ድረስ እሱ ሜዳ ዳር ቆሞ በልጅ ላይ ይጮህ ነበር። እኔ ራሴ ስታዲየም ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ብርዱ፣ ደረጃው፣ ትኬቱ ስልክ ውስጥ መሆኑ። ትኬት ማለት በር ላይ የሚቀደድ ነው፤ ስልክ እንዴት ይቀደዳል? ቢሆንም ደጋፊውን ከሜዳ ማራቃቸው አንገበገበኝ።

የከተማችን መኩሪያ የዶም ግንብ ነው፣ 112 ሜትር። በዚያ ዘመን እሱንም ለጥገና ብለው በብረት መወጣጫ እየጠፈሩት ነበር። በመስኮቴ ሳየው፣ አንተም ታሰርክ ወይ እለው ነበር።

ከውሳኔው ሁሉ በፊት ወደነበረው ወደ ሚያዝያ 11 ልመልሳችሁ። የፋሲካው ቀን ደረሰ። ቅዳሴውን ቄሱ በስልክ ነው ያደረሱልን፤ ባለቤቴ ስልኩን በነጠላ ጠቅልላ መደርደሪያ ላይ አቆመችው። ማታ ዶሮው ቀረበ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም የለም። የልጅ ልጄ አዘነችልኝና «አባባ፣ አንተ የምትወደውን ላምጣልህ» አለችኝ። አንተ! እኔ አያቴን አንቺ ብላት ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ጣት አይኖረኝም ነበር። የሆነ ሆኖ በዚያ በማልወደው ስልኳ በፈረንጅ 2003 የተደረገውን ፍጻሜ አወጣችልኝ። እነዚያው ሁለቱ፣ ዩትሬክትና ፌይኖርድ፣ እዚያው ገንዳው ውስጥ! አራት ለአንድ አሸንፈን ነበር። ያ ዲርክ ካውት የሚባለው ልጅ እንደ ልባችን ሲጫወትልን ቆይቶ በዚያው ክረምት ለፌይኖርድ ፈረመ። እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

ስልኩን አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ አየሁ። ውጤቱን አውቀዋለሁ፤ ቢሆንም ዳኛው ላይ ጮኽኩ። «ያ ኦፍሳይድ ነው! መልሺልኝ፣ መልሺልኝ፣ ቀስ አድርጊው!» እያልኩ በጣቷ ወደ ኋላ አስመለስኳት፤ መስመር አስምሬ የተከላካዩን ጫማ ለካሁ። ባለቤቴ ወጡ ቀዘቀዘ ብትል አልሰማም። ፈረሰኛዋን ዋንጫው ሲነሣ እበላታለሁ ብዬ ሳህኑ ዳር አስቀምጫት ነበር።

ዋንጫው ተነሣ። እጄን ዘረጋሁ። ፈረሰኛዋ የለችም። የልጅ ልጄ አፏን በእንጀራ እየጠረገች አጥንቱን ሳህኔ ላይ አስቀመጠችልኝና «አባባ፣ ጥሎ ማለፍ እንዲህ ነው አይደል?» አለችኝ።