ስም ድሮ ቀረ

እናንተ እኩዮቼ፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ደርባችሁ ፀሐይ የምትሞቁ ሁሉ፣ እስቲ ስሙኝማ። እንጀራው ሳሳ፣ ታክሲው ተወደደ፣ ክረምቱ ወሩን ሳተ፤ ይህን ሁሉ እህ ብለን ቻልን። አሁን ደግሞ ስም ጠፋ ይሉኛል። የሰው ስም እንኳ አይደለም፤ የሶፍትዌር።

የልጅ ልጄና ጓደኞቹ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተሰብስበው የእድር መዋጮ በስልክ የሚሰበስብ አፕ እንሠራለን ብለው ተነሡ። ደግ። ድሮ መዋጮ በዳኛው ፊት፣ በደብተር ነበር የሚከፈለው፤ አንድም ቀን ሂሳብ ተዛብቶ አያውቅም፣ ደብተሩ ከጠፋበት ጊዜ በቀር። ታዲያ ሥራው ቆሞ ስም ፍለጋ ላይ ናቸው። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው የክርስትና ስም የሚወጣላት፤ የእነዚህ ግን ገና ሳይወለድ ስም ካልወጣለት ሞተን እንገኛለን ይላሉ።

የሚያመጡትስ ስም! አንዱ "እድር ፔይ" አለ። ዛሬ ፔይ ያልተባለ ምን ቀረ? አሪፍ ፔይ አለ፣ ሳንቲም ፔይ አለ። ሌላው "ኢትዮ እድር" አለ፤ ጀሞ ያለው እድር የሱዳን ይመስል ይሆን? ሦስተኛው ብልጥ ነኝ ብሎ አናባቢውን አውጥተን እንጣል አለ። ፈረንጆቹ በራሳቸው አቆጣጠር በ2004 ፍሊከር የሚሉትን የፎቶ ድረ ገጽ ሲያወጡ አንዲት አናባቢ ጎርደው ስለጣሉ እኛም እንጉረድ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢው ተጣብቀው የተወለዱ ናቸው፣ በየትኛው መቀስ ልትለያዩአቸው ነው ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ።

ስምማ ድሮ ቀረ! የፈረስ ስም ነበረን እኮ። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ፣ አባ ነጋ ሲባል አሉላ። አንድ ፈረስ፣ አንድ ጌታ። ዛሬ ፈረስ ራሱ የታክሲ ስም ሆኖ አረፈው። የልጅ ልጄ "አባባ፣ ፈረስ ጠርቼልዎታለሁ" ብሎኝ ከዘራዬን ጨብጬ፣ ደረቴን ነፍቼ ብወጣ በር ላይ የቆመው ቪትዝ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ አይቶ "ራይድ መጣልዎት" ይለኛል። በ8294 የምትጠራው ራይድ የሁሉም ስም ሆና ቀረች፤ ባለፈረሱም ራይድ፣ ባለሌላውም ራይድ።

የመሣሪያ ስምስ ቢሆን? አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው መቅደላ ድረስ ያስጎተቱትን ያን ግዙፍ መድፍ "ኢትዮ መድፍ" አላሉትም። ሴባስቶፖል አሉት! ይኸው ነው፤ አፍ የሚሞላ፣ ወዝ ያለው፣ የአባቶች ስም። የፈረንጅ ስም ሲያሳድዱ የሚውሉ የዛሬ ልጆች ከዚህ ቢማሩ ምን አለበት?

የእኛው ሰፈር ሰዎችም አይታሙም። ያለ ሽቦ የሚያወራውን ማሽን አይተው ንፋስ ስልክ አሉት ይባላል፤ ስሙ ክፍለ ከተማ እስኪሆን ድረስ ኖረ። ኢንተርኔት ላይ ተይዞ ይሆን ብለው ማንን ጠየቁ? ዛሬ ግን ሰፈር ሲሠራ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት ነው። ይህ ምን ይሉት ስም ነው ብላቸው "ቨርዥን ነው አባባ" አሉኝ።

ፋይዳን ደግሞ አታንሱብኝ። መታወቂያው ይሁን፣ አሥራ ሁለት አኀዝም ይሰጡኝ፣ ግድ የለኝም። ግን ጨዋ ሰው ተሰልፎ ተራው ሲደርስ አንዲት ፍሬ ልጅ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አባባ፣ ፋይዳ አለዎት?" ትበል? ጡረታ እስክወጣ ግብር የከፈልኩ ሰው ነኝ እኮ!

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከእኛ ልጆች አይሻሉም። ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባል ኩባንያ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቶ ኦክ ይለዋል፤ ስሙን ሌላ ኩባንያ ይዞታል ተባለ፤ በእነሱው አቆጣጠር በ1995 ጃቫ ብለው አወጡት። በቡና ስም መሆኑ ነው። ቡና ከከፋ ወጥቶ ዓለምን ሲያጠጣ ምስጋናው ለጃቫ! ዛሬም አርማው ላይ የሚጨስ ስኒ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ፋየርፎክስ የሚሉት የኢንተርኔት ማሰሻ ደግሞ መጀመሪያ ፊኒክስ ነበር፣ ቀጥሎ ፋየርበርድ ሆነ፣ ሁለቱም የሌላ ሰው ሆነው ተገኙ። በእኛ ጊዜ እየደጋገመ ስሙን የሚለውጥ ሰው ዕዳ ያለበት ነበር።

እኔም ዝም ብዬ አላማረርኩም፤ ስም ሰጠኋቸው። "አባ መላ" በሉት፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ መጠሪያ ነው አልኳቸው። ልጁ ስልኩን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ መላ የቴሌ ብር ብድር ስም ነው አለኝ። ሳንዱቅስ ብለው እሱም የቴሌ ብር ቁጠባ ነው። አሞሌስ? የዳሽን ባንክ። እኔ አሞሌ ሲመነዘር ባላይም የኔ ዘመን ገንዘብ ነው ብዬ ተከራከርኩ፣ ማን ይሰማል።

ከዚያማ አዋጅ አወጣብኝ፤ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998። ምልክት አንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ መሆን አለበት ይላል አሉ። አጀብ ነው! እኛ ያለ አዋጅ እንለይ ነበር። አንበሳ አውቶቡስ አለ፣ አንበሳ ጫማ አለ፣ አንበሳ ባንክ አለ፤ ማን ተምታታበት? አንዱን ትጫማዋለህ፣ አንዱ ውስጥ ጫማህን ይረግጡሃል። ኒያላ ብትሉኝ ሲጋራው አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፤ ማይክሮሶፍት እንኳ በዊንዶውስ ቪስታ ጊዜ ያመጣውን የአማርኛ ፊደል ኒያላ ብሎታል። ዳሽን ተራራ ነው፣ ባንክ ነው፣ ቢራ ነው። ቢራውን ስናዝዝ ተራራ ያመጣልን አሳላፊ የለም።

ስለዚህ ቁርጡን ነገርኳቸው፤ አፑ "አንበሳ" ይባል። "አባባ፣ አንበሳ የሚባል እኮ በየመንገዱ ሞልቷል" ይለኛል። ከሞላማ ጥሩ ስም ነው ማለት አይደል?