አዲስ ሕይወት፣ አራተኛ ፎቅ

ልጄ «አባዬ፣ አዲስ ከተማ ገብታችሁ አዲስ ሕይወት ትጀምራላችሁ እኮ!» ስትለኝ መጀመሪያ ክፍለ ከተማውን የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እኔ የተክለ ሃይማኖት ሰው ነኝ፤ ለእኔ አዲስ ከተማ ማለት እዚያው ማዶ፣ ሸማ ተራና ምናለሽ ተራ ያሉበት፣ ስሙ አዲስ ሆኖ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ሰፈር ነው። «እሱማ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ለእሱ ደግሞ ምን ጓዝ ያስጠቀልላል?» አልኳት። ሳቀች። እሷ ከሳቀች እኔ ሳላውቀው የሆነ ነገር ተስማምቻለሁ ማለት ነው።

እውነትም ተስማምቼ ኖሯል። ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል ተባለ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ወይ ኮንዶሚኒየም ወይ ሌላ የቀበሌ ቤት ምረጡ ተባልን። ልጆቼ ቅድሚያ ክፍያውን አዋጡ። ዕጣው ወጣ፤ ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። ጉልበቴን ያማከረው ሰው የለም።

ኧረ ለመሆኑ አዲስ ሕይወት የሚጀምረው ማን ነው? ወይ ያልከፈለው ዕዳ ያለበት፣ ወይ ሚስቱን ጥሎ የጠፋ ነው። እኔ የማንም የዕቁብ ገንዘብ የለብኝ። ሚስቴም አብራኝ ናት፤ እንዲያውም ጓዙ ሲጫን ከፍራሹ ቀድማ መኪናው ላይ የወጣችው እሷ ናት።

ደረጃው ሰባ ሁለት ነው። እንደ አርድእቱ። የመጀመሪያው ሳምንት ስቆጥረው ይኸው ቁጥር ሲመጣብኝ አማተብኩ። ሃያ አራተኛው ላይ አርፋለሁ፤ ተክለ ሃይማኖት ብዬ። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ጠርዙ የተሸረፈ አለ፣ በጨለማ በእግሬ ዳብሼ አውቀዋለሁ። ሃምሳኛው ላይ ስደርስ ቁልፉን ታች ያለው ሱቅ ባንኮኒ ላይ ረስቼው እንደመጣሁ ትዝ ይለኛል። ደግሞ ወጣቶቹ በሁለት በሁለት እየዘለሉ ሲያልፉኝ «አይዞህ ፋዘር!» ይሉኛል። ፋዘር! የካቶሊክ ቄስ ነኝ እንዴ? ተክለ ሃይማኖት «ጋሼ» ነበርኩ፤ ሻይ ቤቱም፣ ልብስ ሰፊውም፣ ዕዳ ያለበት ጎረምሳም «ጋሼ» ብሎኝ ነው የሚያልፈው። እዚህ ስሜ «የአራተኛ ፎቁ ፋዘር» ሆነ።

ልጄ «አባዬ ለውጥ አይወድም» እያለች ለሰው ታወራለች። የለውጡን ነገር ግን ከእሷ እኔ አውቃለሁ። ይቺ አገር ከተማ ስትቀያይር ነው የኖረችው። ምኒልክ አንኮበር ነበሩ፣ ቆይተው እንጦጦ ወጡ። የእንጦጦ ብርድ ሲያንገበግብ ደግሞ እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃን ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ልብ በሉልኝ፤ ጣይቱ ቦታውን አይተው፣ በፍልውኃው ታጥበው፣ ተስማምቷቸው ነው የወረዱት። በዕጣ አልደረሳቸውም። ወረዱ እንጂ ደግሞ አራተኛ ፎቅ አልወጡም።

ከዚያ ማገዶ ጠፋ። ዛፉ አለቀና ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ራቅ ብለው ሌላ ከተማ ሊያቆሙ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ስሙን ማን አሉት? አዲስ ዓለም። ልጄ ያኔ ብትኖር ኖሮ እልል ትል ነበር፤ አዲስ ከተማ አልበቃ ብሏት አዲስ ዓለም! በኋላ ግን ባሕር ዛፉ እየተስፋፋ ማገዶው ተገኘ፤ አዲስ አበባም ከመዛወር ተረፈች፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ አዲስ ዓለም ማርያም። ያን ጊዜ ጓዙን ጠቅልሎ በቅሎውን ጭኖ የነበረ ሽማግሌ «ቀርቷል፣ ፍታው» ሲባል የተሰማውን ደስታ ሳስበው እቀናለሁ። ለእኔ የትኛው ባሕር ዛፍ ይድረስልኝ?

ጣልያን ደግሞ በተራው የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ ሥር ነቅሎ ወደ ምዕራብ ገፋው። መርካቶ የመጣችው በዚያ ነው፤ ያ እኔ «ያረጀ» የምለው አዲስ ከተማም እንዲሁ። እስከ ዕለተ ሞቱ «ገበያ ማለት አራዳ ነበር» እያለ ያጉረመረመ ነጋዴ አይጠፋም። አሁን በሕይወት ቢኖር አንድ ስኒ ቡና እጋብዘው ነበር፤ አራተኛ ፎቅ መውጣት ከቻለ።

እኔ ራሴ በ1960 ዓ.ም. ከመርሐቤቴ ስመጣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ በር ላይ ቆሞ «ሰው የሌለበት አገር ሄደህ ማን ይቀብርህ?» ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ስለ ቀባሪ የሚያስብ ማን አለ? ተክለ ሃይማኖት አንዲት ባለ ግቢ እመቤት ዘንድ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አዋጅ 47/67 ሲመጣ ግቢው የመንግሥት፣ እኔ የቀበሌ ተከራይ፣ እመቤቲቱ ደግሞ እንደኔው ጎረቤት ሆንን። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኗን ማየት አፈርኩ። ኋላ ግን እስክትሞት ድረስ ቡናችን አንድ ላይ ነበር። ጭቃው ግድግዳ ጆሮ ነበረው፤ እሷ በወዲያ በኩል በሙቀጫ ዘነዘና ሦስቴ ካንኳኳች ቡና ፈልቷል፣ እኔ ሌሊት በተከታታይ ካሳልኩ ጠዋት የተልባ ብርጭቆ በር ላይ ይጠብቀኛል። ሳሌን ለይተው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እዚህ ብሎኬቱ መሀሉ ባዶ ስለሆነ መሰለኝ ከጭቃው ይበልጥ ያሳልፋል፤ ግን አንድ ቀን ሚስቴ ቡና ስትወቅጥ ከሥራችን ያለው ሰውዬ ወጥቶ መጣና «ማዘር፣ ዛሬ እኮ እረፍቴ ነው» አላት። ሚስቴን ማዘር፣ እኔን ፋዘር። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ስንቱን ወለድን!

ሐቁን ላውጣ፤ ሚስቴ ብታነበው ዋሸህ ትለኛለች። የድሮው ግቢ ሽንት ቤት ለሰባት አባወራ አንድ ነበር። ክረምት ሲሆን ጃንጥላ ይዞ፣ ሌሊት ሲሆን ባትሪ ይዞ፣ ጠዋት ሲሆን ደግሞ ተራ ይዞ ነው። ቆርቆሮው ስንቴ ተጠግኗል። አሁን በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ነጭ ሴራሚክ ያለው፣ የራሳችን ሽንት ቤት አለን። ውኃው በፈረቃ ነው፤ ግን በርሜል ሞልተን እናስቀምጣለን። እኔ ስለ ተክለ ሃይማኖት ማውራት ስጀምር ሚስቴ ወጥ እያማሰለች ዞር ብላ ሳታየኝ፣ «አንተ፣ የናፈቀህ ሽንት ቤቱ ነው?» ትለኛለች። መልስ የለኝም። እነሣና በረንዳ ላይ ወጥቼ ማንንም የማላውቅበትን ሜዳ አያለሁ።

ትልቁ ጉዳዬ ግን ዕድሩ ነው። የድሮ ሰፈራችን ለቅሶ የሚነገረው በጡሩምባ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው ሲያልፍ እንቅልፍህን ትተህ «ማን ይሆን?» ትላለህ፤ ድንኳኑ ሲተከል አንተም አንዱን ካስማ ይዘሃል። እዚህ ዕድር ተቋቋመ፣ ገባሁ፣ ከፈልኩ። ጡሩምባው የታለ? ብል ጸሐፊው «በቴሌግራም ነው አባባ» አለኝ። የእኔ ስልክ ቁልፍ ያላት፣ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆይ ናት፤ ቴሌግራም የሚባል አታውቅም። እና አንድ ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ ስወርድ ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ የሬሳ ሣጥን ተገተረብኝ። ከሦስተኛ ፎቅ የሚወርድ ጎረቤቴ ነው! ሣጥኑ ጥምዝዙ ላይ አልዞር ብሎ አራት ጎልማሶች በቁሙ አድርገው፣ አንዱ «ወደ አንተ! ወደ አንተ!» እያለ ሲታገሉ፣ እኔ ባዶ ፌስታል ይዤ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆምኩ። ጥምጥም የለኝ፣ ጋቢ አልለበስኩ። ያላወቅኩት ጎረቤቴ በቁሙ አጠገቤ አለፈ። ዳቦውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ያን ዕለት ስወጣ መታጠፊያዎቹን ቆጠርኩ፤ ከእኔ በር እስከ ታች ስምንት ናቸው። ከስምንቱ ያውም አምስተኛው ጠባብ ነው።

ስለዚህ የተክለ ሃይማኖቱን ዕድር አልለቀቅኩም። በየወሩ በ24 ወደዚያው ነኝ። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ በታክሲ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ደግሞ በባቡር ዳርማር። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ አንዱን እግሬን የማሳርፍበት አጣለሁ። ጻድቁ ተክለ ሃይማኖት ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸለዩ ይላል ገድሉ፤ እኔም እስከ ዳርማር ድረስ እለማመዳለሁ። ደጀ ሰላሙን ስሜ፣ ቅዳሴውን አስቀድሼ፣ ከዚያ እንደኔው የተበታተንን የድሮ ጎረቤቶች አጥሩ ሥር እንሰበሰባለን። አንዱ ከጀሞ፣ አንዷ ከቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ከገላን። ከአራቱም ማዕዘን መጥተን ስለ ጉልበታችን እናወራለን።

ባለፈው ወር የዕድሩ ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ገልጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ጋሼ፣ ቀን ሲደርስ ድንኳኑን የትኛው ብሎክ እናምጣው?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። የብሎኩ ቁጥር ጠፋኝ። ጠዋት የወጣሁበት ቤት! «ታች ሱቅ አለ፣ ባንኮኒው አረንጓዴ ነው» አልኩት። እሱም «አረንጓዴ ባንኮኒ» ብሎ ጻፈ።

ማታ እየተነፋረቅኩ ሰባ ሁለቱን ወጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ዕጣኑ ደረጃው ድረስ ይሸታል፣ ሳቅ ይሰማኛል። ገባሁ። ያ «ዛሬ እረፍቴ ነው» ባዩ ሰውዬ እኔ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ በእኔ ስኒ ቡና ይዞ፣ ሙቀጫው ከእግሩ ሥር። ለካ ሲወቅጥላት የቆየው እሱ ነው። «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ!» ብሎ ብድግ አለ። ጋሼ ያለው ሚስቴ ነግራው መሆን አለበት። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» አልኩት፤ ደግሞ እውነት መስሎት ተመልሶ ተቀመጠ። አቦሉ አልፏል፣ ቶናውም አልፏል፤ ለእኔ የደረሰኝ በረካ ነበር፣ ያውም የቀጠነ። ዱካው ላይ ተቀምጬ ጠጣሁት።